የእጅ ሀብትና የበቅሎ ሀብት፦ ስለ ወለቃና ስለ አዲስ ዓለም

ዘንድሮ የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ትምህርት በተጀመረ ሰሞን በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት አላስተኛንም። ነገሩ በቀልድ ነበር የተጀመረው። አንድ ጓደኛችን ጎንደርን አይቶ ሲመለስ ከወለቃ የገዛትን የሸክላ አንበሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧት ነበርና፣ አገላብጦ እያያት «እንዲህ ያለ እጅ የነበራቸው ሰዎች እንዴት ድኾች ሆነው ኖሩ?» ሲል ጠየቀ። ሌላው ቀበል አድርጎ «የአዲስ ዓለም እስላሞችስ መሬት አልነበራቸውም አይደል? ግን ነግደው ከበሩ። የወለቃዎቹ ንግድ አያውቁበትም ነበር፤ በቃ!» አለ። ሦስተኛው ደግሞ «ነጋዴ ተንኮል ያውቃል፤ ቀጥቃጭ አያውቅም» ብሎ ዘጋው። እኔ የጎንደር ልጅ በመሆኔ ሁሉም ፍርድ ስጥ እንደማለት ወደ እኔ ዞሩ። እውነቱን ለመናገር የምመልሰው አልነበረኝም። አፍሬ ዝም አልኩ።

ይህ ጽሑፍ እንግዲህ የዘገየ መልሴ ነው። ጥያቄው ግልጽ ነው፦ በአንድ ከተማ ዙሪያ የኖሩ፣ ሁለቱም ርስት የተነፈጉ፣ ሁለቱም በገዛ አገራቸው እንደ እንግዳ የተቆጠሩ ሁለት ማኅበረሰቦች፣ ማለትም ቤተ እስራኤልና የጎንደር ሙስሊሞች፣ የኑሮ ደረጃቸው ለምን ተለያየ? የእኔ መልስ ደግሞ ይህ ነው፦ ልዩነቱ ከጠባይም ከሃይማኖትም የመነጨ አይደለም። የነበራቸው ሀብት ምን ዓይነት ነበር? ከቦታ ቦታ ይንቀሳቀሳል ወይስ አይንቀሳቀስም? የሚገዛቸውስ ማን ነበር? ነገሩን ሁሉ የሚፈቱት እነዚህ ጥያቄዎች ናቸው። (የዓመት ቁጥሮቹ «ዓ.ም.» ካልተባሉ በስተቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በአገራቸው ስደተኞች

ከስሙ እንጀምር። «ፈላሻ» የሚለው ቃል «ፈለሰ» ከሚለው የግእዝ ግሥ ጋር ይያያዛል፤ ፈላሲ ማለት ከአገሩ የወጣ፣ ስደተኛ ማለት ነው። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዲወርስ፣ ያልተጠመቀ ግን ፈላሲ እንዲሆን አዘዙ ተብሎ ይተረካል። ትረካው በቀጥታ የተፈጸመውን ይንገረን ወይም ኋላ ለሆነው ነገር የተሰጠ ማብራሪያ ይሁን፣ ፍሬ ነገሩ አይለወጥም። መሬት ማጣትና ስደተኛ መባል አንድ ነገር ነበሩ። ከዐፄ ሠርፀ ድንግልና ከዐፄ ሱስንዮስ የሰሜን ዘመቻዎች በኋላ ደግሞ የቀረው መሬትና የራስ አገዛዝ አብሮ ሄደ። ሰዎቹ ራሳቸውን የሚጠሩት ቤተ እስራኤል ብለው ነው፤ ስደተኛ ብሎ የጠራቸው ሌላው ነው።

ሙስሊሙም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። «ሰማይ ዓምድ የለው፣ እስላም አገር የለው» የሚለውን ተረት ያልሰማ ጎንደሬ ያለ አይመስለኝም። አያቶቻችን እንደ ዋዛ ይሉታል። ግን ሰውዬው የተባለው ምንድን ነው? ከእኛ ጋር አንድ ቋንቋ ይናገራል፤ አንድ ወንዝ ይጠጣል፤ አያት ቅድመ አያቱ የተቀበሩት እዚሁ ነው። አገር የለውም ሲባል በአማርኛ ርስት የለውም ማለት ነው። ርስት የሌለው ደግሞ በዚያ ሥርዓት ወንበር የለውም፣ ሙግት የለውም፣ ለልጁ የሚያወርሰው ሥር የለውም። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ተረት ለባለርስቱ ተስፋ ነው፤ ለሌላው ግን የተዘጋ በር ነው።

ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን በ1636 ከቆረቆሩ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በ1668 ጉባኤ ሰብስበው፣ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤሎች ከክርስቲያኑ ተለይተው ለየብቻቸው እንዲሰፍሩ አዘዙ። ትእዛዙ ከአሥር ዓመት በኋላ ዳግመኛ ወጣ፤ መደገሙ ራሱ ሰዉ ተቀላቅሎ መኖሩን አልተወም ማለት ነው። የሙስሊሙ ሰፈር ከቤተ መንግሥቱ ወደ ታች፣ በቀሃ ወንዝ በኩል ሆነ፤ እስላም ቤት ይባል የነበረው፣ ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው ነው። ቤተ እስራኤሎችም በከተማው ጠርዝና በዙሪያው ባሉ መንደሮች ሰፈሩ። ከመንደሮቹ ሁሉ በኋላ ዘመን ስሟ የወጣው፣ በደባርቅ መንገድ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ የምትገኘው ወለቃ ናት።

እስከዚህ ድረስ ሁለቱ እኩል ናቸው። መለያየታቸው ከዚህ በኋላ ይመጣል።

የእጅ ሀብት

መሬት የሌለው ሰው ምን ያደርጋል? በእጁ ይሠራል። የቤተ እስራኤል ወንዶች ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሠሩ፣ ድንጋይ ጠረቡ፣ እንጨት ጠረቡ። ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ። የጎንደር ግንቦች ሲገነቡ ከግንበኞቹና ከአናጢዎቹ መካከል እነሱ ነበሩበት። የታሪክ ተመራማሪው ጀምስ ኪሪን በ1992 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳሳየው፣ በጎንደር ነገሥታት ዘመን ከእነዚህ ባለእጆች መካከል ማዕርግና መሬት እስከ መሸለም የደረሱም ነበሩ። ይህን ልብ እንበል። ንጉሡ ገዥ በሆነበት ጊዜ ያው እጅ ማዕርግ አስገኝቷል። ስለዚህ ድህነቱን ያመጣው የእጁ ስንፍና አልነበረም።

ቤተ መንግሥቱ ሲደኸይስ? ከ1769 በኋላ ዘመነ መሳፍንት ሲገባ ንጉሡ የስም ንጉሥ ብቻ ሆነ፤ ግንብ የሚያሠራ ጠፋ። ለባለእጁ የቀረው ደንበኛ ገበሬው ነው። ገበሬው የሚፈልገው ማረሻ፣ ማጭድ፣ ምጣድና እንስራ ነው። የሚከፍለውም ባለው ነው፤ ያለው ደግሞ እህል ነው። እህል ይበላል እንጂ አይጠራቀምም፤ ሦስት ቀን መንገድ ተጭኖ በትርፍ አይሸጥም። በዚያ ላይ አንድ ማረሻ ለስንት ጊዜ ያገለግላል? ገበሬው ማረሻውን ለማስተካከል በዓመት ጥቂት ጊዜ ይመጣል እንጂ በየሳምንቱ አይገዛም። ብዙዎቹ ባለእጆች ከዚህ ጎን ለጎን የባለርስት ጭሰኞች ሆነው ያርሱ ነበር፤ ከምርቱ ላይ ድርሻውን ለባለርስቱ ከፍለው የተረፈውን ይቀምሳሉ።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እኔ ራሴ ይህን ጽሑፍ እስካዘጋጅ ድረስ ልብ ያላልኩት ነው። የጎንደር ትልቁ ገበያ ቅዳሜ ገበያ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ለቤተ እስራኤል ሰንበት ነው፤ እሳት አይነድም፣ መንገድ አይኬድም፣ መሸጥ መለወጥ የለም። አገሩ ሁሉ በሚገበያይበት ቀን ሸክላ ሠሪዋ ቤቷ ተቀምጣለች። የምትሸጠው በሌላ ቀን በሚውል ትንሽ ገበያ፣ ወይም ደጇ ድረስ ለመጣ ሰው ነው። ደጅ ድረስ የመጣ ገዥ ደግሞ ዋጋውን ራሱ ይቆርጣል። «ንግድ አያውቁበትም ነበር» ያለው ጓደኛዬ እስኪ ይህን ያስብበት።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ስሙ ነው። ብረት በእሳት የሚያለዝብና አፈር ወደ ዕቃ የሚለውጥ ሰው ቡዳ ተባለ። ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ ዓይኑ ይበላል ተባለ። አያቴ እንዳጫወተችኝ፣ ልጅ ሳለች ከእናቷ ጋር ወለቃ ጀበና ለመግዛት ሲሄዱ ሕፃን ይዞ መሄድ አይፈቀድም ነበር። ገንዘቡም ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም፤ ውሃ በተሞላ ገበቴ ውስጥ ይጣላል። አያቴ ይህን ስትነግረኝ «እነሱም እኛን ይጸየፉን ነበርኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ቤተ እስራኤልም «አትንኩኝ» የሚባል የራሳቸው የመንጻት ሕግ ነበራቸው። ግን እኩል አይደለም። የእነሱ «አትንኩኝ» እኛን ከመሬታችን አላስለቀቀንም። የእኛው «ቡዳ» ግን ላም በታመመች ቁጥር የሰው ነፍስ አደጋ ላይ ይጥል ነበር። በኢኮኖሚ ዓይን ሲታይ ደግሞ፣ ደንበኛው የሚፈራው ሻጭ ደንበኛውን አያበዛም፣ ብድር አያገኝም፣ ወደ ሩቅ አገር ሄዶ ማደሪያ አያገኝም። እጁ ያለው እሱ ጋ ነው፤ እሱ ደግሞ ከመንደሩ ጋር ታስሯል።

የበቅሎ ሀብት

አዲስ ዓለምን ስናይ መጀመሪያ አንድ ስሕተት ማረም አለብን። የጎንደር ሙስሊም ሁሉ ሀብታም ነጋዴ አልነበረም። አብዛኛው ሸማኔ፣ ልብስ ሰፊ፣ ጫኝ፣ የቀን ሠራተኛ ነበር። በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ ከተማዋ በሰላም ጊዜ ወደ 10,000 የሚጠጋ ቤተሰብ እንደነበራት፣ ከቀሃ ማዶ ደግሞ 1,000 ያህል ቤት ያለው የሙስሊሞች ከተማ እንዳለ ጽፏል። ትጉህና ሠራተኛ ሕዝብ ናቸው ይላል፤ ብዙዎቹም የንጉሡንና የመኳንንቱን ድንኳንና ጓዝ በዘመቻ ጊዜ የሚጭኑና የሚጠብቁ ነበሩ። ስለዚህ የአዲስ ዓለም ሸማኔና የወለቃ ሸማኔ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ኑሯቸው ብዙም የሚበላለጥ አይመስለኝም።

ልዩነቱ ያለው ከላይ ነው። ከአዲስ ዓለም ሰው ውስጥ ጥቂቱ ሲራራ ነጋዴ ነበር። በአንድ በኩል እስከ ምጽዋ፣ በሌላ በኩል በመተማ አድርጎ እስከ ስናር፣ በደቡብ ደግሞ በደሪጣና በጎጃሙ ባሶ ገበያ በኩል እስከ እናርያ ይዘልቃል። ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ ያመጣል፤ ከሸቀጡም መካከል ሰው ነበረበት፣ ይህን መደበቅ አይገባም። ሲመለስ ጨርቅ፣ መስተዋት፣ ዶቃ፣ አሞሌ ጨው ይጭናል። በየመንገዱ ያለው የእምነት ወንድሙ ያሳድረዋል፣ ያበድረዋል፣ አደራ ይቀበልለታል። አንዱ ከምጽዋ ሌላው ከእናርያ ቢሆኑ እንኳ ውል የሚዋዋሉበት ሕግ አንድ ነው። ክርስቲያኑ መኳንንት ንግድን ይንቅ ስለ ነበር ሜዳውን ለቀቀለት፤ ግን የሚያመጣውን ጨርቅ ይለብሳል፣ ቀረጡንም በየኬላው ይበላል። ቀረጥ ለመሰብሰብም ንግድ የሚያውቅ ሰው ስለሚያስፈልግ ሙስሊሞች ነጋድራስ እስከ መሾም ደርሰዋል።

አሁን ነገሩን አነጻጽሩልኝ። የሁለቱም ሥራ የመጣው መሬት ከማጣት ነው። የነጋዴው ትርፍ ግን በጠገራ ብር፣ በአሞሌ፣ በበቅሎ ተቀመጠ፤ እነዚህ ሁሉ ይንቀሳቀሳሉ። የቀጥቃጩ ትርፍ በእህል ተቀመጠ፣ በዓመቱም ተበላ። ነጋዴው ዕቃው ከረከሰበት አገር ወደ ተወደደበት አገር ይሄዳል። ቀጥቃጩ የሠራውን ለጎረቤቱ፣ ለሚፈራው ጎረቤቱ፣ ይሸጣል። ነጋዴው ገዥ ይመርጣል፤ ቀጥቃጩን ገዥ ይመርጠዋል። ታዲያ ይህ ተንኮል ማወቅና አለማወቅ ነው?

ሁለቱም ግን አንድ ጣራ ነበረባቸው። ነጋዴው የቱንም ያህል ቢከብር ብሩን ወደ ርስት መለወጥ አይችልም። በሌላ አገር ታሪክ እንዳነበብነው የከበረ ነጋዴ ርስት ገዝቶ ባላባት ይሆናል፤ ልጁም ዳኛ ይሆናል። ጎንደር ላይ ይህ በር ዝግ ነበር። ሀብቱ ዘወትር መንገድ ላይ ነው። መንገድ ላይ ያለ ሀብት ደግሞ ሽፍታም ጦርም ያየዋል።

ክፉ ቀን ሲመጣ

የሁለቱን ሀብት ጠባይ በደንብ የሚያሳየን አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ነው፤ ክፉ ቀን ነገርን ይገልጣልና።

በ1862 ብዙ ቤተ እስራኤሎች፣ አባ ማሐሪ የተባሉትን መነኩሴ ተከትለው፣ በእግራቸው ወደ ተስፋይቱ ምድር ለመድረስ ተነሡ። ስንቅም መንገድም የሚያውቅ ነጋዴም አብሯቸው አልነበረም። ትግራይ ላይ በረሃብና በበሽታ ብዙዎች አለቁ፤ የተረፉትም ተመለሱ ወይም በዚያው ቀሩ። በዚያው ሰሞን የጎንደር ሲራራ በዓመት አንዴ ምጽዋ ደርሶ ይመለስ ነበር። መንገዱ አንድ ነው፤ ሀብቱ ግን አንድ አይደለም።

ነጋዴውም ተራው ደረሰው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1864 እና በ1866 ጎንደርን በዘረፉ ጊዜ የሚዘረፍ ዕቃ ያለው ቤት መጀመሪያ ተመታ። በ1878 የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሙስሊሙ ክርስትና እንዲነሣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ባዘዙ ጊዜም ከጎንደር ብዙዎች ወደ መተማና ወደ ሱዳን ተሰደዱ። በ1888 መጀመሪያ ደግሞ ደርቡሾች ገብተው ከተማዋን አቃጠሉ። አዲስ ዓለም ስንት ጊዜ ተዘርፋ ስንት ጊዜ እንደገና ቆመች! ለምን እንደ ቆመች ግን አሁን ይገባናል። ነጋዴው ከነበቅሎው መሸሽ ይችላል፤ መተማ ላይ የሚያውቀው ሰው አለ፤ ቀኑ ሲያልፍ በብድር ይጀምራል።

ቀጥቃጩስ? በ1887 በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ አገሩን ሲያጠፋ ክፉ ቀን የምንለው ረሃብ (1888–1892) መጣ። በሬው አለቀ። በሬ ከሌለ የሚያርስ የለም፤ የሚያርስ ከሌለ ማረሻ የሚያሠራ የለም። እህል የለምና ምጣድ የሚገዛም የለም። ገበሬው በረሃብ ከመውደቁ በፊት የባለእጁ ደመወዝ ቆመ። በረሃቡ ከቤተ እስራኤል ከግማሽ በላይ እንዳለቀ ብዙ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። እንግዲህ አንድ ሕዝብ በአራት ዓመት ውስጥ ግማሹን ካጣ በኋላ «ለምን አልከበሩም» ብሎ መጠየቅ ምን ይባላል?

መንገድ፣ ቆርቆሮና አዋጅ

ጣሊያን በ1936 ጎንደርን ከያዘ በኋላ በወልከፊት በኩል ከአሥመራ የሚመጣውን የመኪና መንገድ ሠራ። ወለቃ እዚያው መንገድ ዳር ናት። መንገድ ለሁሉም እኩል ይጠቅማል እንላለን፤ ነገር ግን መንገዱ ምን ይዞ እንደ መጣ ማየት ይገባል። የፋብሪካ ጨርቅ፣ የቆርቆሮ ባልዲ፣ የብረት ድስት፣ የተዘጋጀ ማጭድ ይዞ መጣ። የአዲስ ዓለም ነጋዴ በቅሎውን በመኪና ለውጦ እነዚህን ዕቃዎች ሸጠ። የወለቃ ባለእጅ ግን እነዚያው ዕቃዎች ሥራውን ቀሙት። አንድ መንገድ ለአንዱ ገበያ፣ ለሌላው ተፎካካሪ ሆነ። የአዲስ ዓለም ሸማኔም ቢሆን ከወለቃው ሸማኔ ጋር አብሮ ተጎዳ፤ ይህም ነገሩ የሃይማኖት ሳይሆን የሥራ ዓይነት መሆኑን ያሳያል።

የወለቃ ሴቶች ግን አንድ መላ አገኙ። እንስራና ጋን የሚገዛ ሲቀንስ፣ በመንገዱ ለሚያልፈው ቱሪስት ትናንሽ ምስሎችን ይሠሩ ጀመር፤ አንበሳ፣ የዳዊት ኮከብ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ። ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የማይፈራቸው፣ በጥሬ ገንዘብ የሚከፍል፣ ከሩቅ የመጣ ገዥ አገኙ። ሲነግዱ ታዩ እንግዲህ! የጎደላቸው የንግድ ችሎታ አልነበረም፤ የጎደላቸው ገዥ ነበር።

ወደ መሬቱ እንመለስ። ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ «መሬት ላራሹ» ብለው ወጡ። በዚህ ሁላችን እንኮራለን፤ ተገቢም ነው። ግን እንዲያው ልጠይቅ፦ ለአራሹ ሲጮህ ማረሻ ሠሪውን ያስታወሰው ስንቱ ነው? ለማንኛውም አዋጁ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ወጣ፤ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፣ ለማረስ የፈለገ ሁሉ፣ ሃይማኖቱ ሳይጠየቅ፣ እስከ 10 ሄክታር የመጠቀም መብት አገኘ። «አገር የለው» የተባለው አገር አገኘ። ከመኳንንቱ ያመፁ ነበሩ፤ በሰሜን በጌምድርም ውጊያ ተነሣ፤ ጭሰኛ የነበረ ሰው መሬት ይዞ ማየት ለብዙው የማይዋጥ ነገር ነበር። የእኔ ቅድመ አያትም ባለርስት ነበሩ። በቤታችን ያ አዋጅ የሚነሣው እስከ ዛሬ በትካዜ ነው። የተነጠቅነው እንዴት ያለ መሬት እንደነበር ይነገራል፤ የተሰጠው ሰው ስም ግን ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

መሬቱ ግን ዘግይቶ መጣ። ከአዋጁ በኋላ አሥር ዓመት ሳይሞላ ጦርነትና ድርቅ ሆነ፤ መንደሩ በሌሊት ይወጣ ጀመር። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ባለው ጊዜ ወደ 8,000 የሚጠጋ ሰው በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ተወሰደ፤ በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ወደ 4,000 የሚሆን ሰው እንዳለቀ ይነገራል። በግንቦት 1991 ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሄደ። ወለቃም ከነምድጃዋ ባዶ ቀረች።

ማዶም ያው ጥያቄ

ታሪኩ እዚህ ያበቃል ብዬ ነበር፤ ግን አላበቃም። የወለቃ ሰው እስራኤል ሲደርስ አጠገቡ ሌላ ስደተኛ አገኘ። በ1990 እና በ1991 ብቻ ከሶቪየት ኅብረት ከ300,000 በላይ ሰው እስራኤል ገብቷል። ሁለቱም ስደተኞች ናቸው፤ ሁለቱም ቋንቋውን አያውቁም። የሶቪየቱ ሰው ከግማሽ በላይ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የተማረ ነው፤ ሐኪም ነው፣ መሐንዲስ ነው፣ ሙዚቀኛ ነው። መጀመሪያ መንገድ ጠርጓል፤ ሐኪሙ ዘበኛ ሆኗል። መቋቋሚያው ግን በእጁ በገንዘብ ተሰጥቶት ቤትና ከተማ ራሱ መርጧል። የእኛዎቹ ወደ መቀበያ ማዕከላት፣ ወደ ሆቴልና ወደ ተንቀሳቃሽ ቤቶች ተወሰዱ፤ ኋላም መንግሥት ለቤት መግዣ ብዙ ድጎማ ሲሰጥ፣ ገንዘቡ የሚገዛው በርካሽ ሰፈሮች ስለ ነበር በአንድ አካባቢ ተከማቹ። በ2010ዎቹ የወጡ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ የሶቪየቶቹ የድህነት መጠን ከሌላው አይሁዳዊ ሕዝብ ብዙም አይርቅም፤ ከኢትዮጵያ የሄዱት ግን ከእጥፍ በላይ ነበር።

ሰውዬው ቀጥቃጭ ነበር። የእስራኤል እርሻ የሚያርሰው በትራክተር ነው። ሚስቱ ምጣድ ሠሪ ነበረች፤ ምጣዱ በኤሌክትሪክ ሆኗል። የመሐንዲሱ ዲፕሎማ በሻንጣ ይገባል፤ የወለቃ እጅም አውሮፕላን ተሳፍሮ ሄዷል፣ ገዥው ግን አልተሳፈረም። አሁንም ያው ነው፦ ምን ይዘህ ሄድክ? ማንስ ይገዛሃል? ልጆቹ ግን ሌላ ነገር ይዘዋል። በልጅነቷ ከጎንደር አካባቢ በሱዳን በኩል የተሰደደች አንዲት ሴት፣ ፕኒና ታማኖ ሻታ፣ በ2020 ስደተኞችን የሚቀበለው ሚኒስቴር ሚኒስትር ሆናለች። የአንድ ትውልድ ትምህርት ምን እንደሚለውጥ ያሳያል፤ የቡዳነትን ወሬ ለማፍረስም የተሻለ ማስረጃ ያለ አይመስለኝም።

ለጓደኞቼ

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለታሪክ ፍቅር ብቻ ብዬ አይደለም። «ነጋዴ ተንኮል ያውቃል» የሚለው ቃል በመኝታ ክፍል ቀልድ ሆኖ አይቀርም። በሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ጎንደር ላይ በአንድ ሼህ ቀብር ጊዜ ግጭት ተነሥቶ ከ20 በላይ ሰው ሞተ፤ መስጊድ ተቃጠለ፣ የሙስሊሞች ንብረት ተዘረፈ። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት በዘረፋ የተመታው ሰፈር ሕዝብ ዛሬም ተመታ። «እነሱ ገንዘብ አላቸው» የሚል ሰው፣ ያንን ገንዘብ የወለደው መሬት መከልከሉ እንደሆነ አያስታውስም። መጀመሪያ መሬት ከለከልነው፤ ሲነግድ ተንኮለኛ አልነው። ሌላውንም መሬት ከለከልነው፤ በእጁ ሲሠራ ቡዳ አልነው። አንዱን በሀብቱ፣ ሌላውን በድህነቱ ከሰስነው። ክሱ ሁለት ይምሰል እንጂ ከሳሹ አንድ ነው፤ ከእነሱም አንዱ የእኔ ቅድመ አያት ናቸው።

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ወለቃ ሄጄ ነበር። ትንሿ የጸሎት ቤት ጣራዋ ላይ ኮከቧን ይዛ ቆማለች። ከመንገዱ ዳር ሸክላ የሚሸጡት ሴቶች ዛሬ ክርስቲያኖች ናቸው። የአያቴ እናት ልጅ አስይዛ የማትሄድበት ቦታ፣ ዛሬ ክርስቲያኗ እናት ልጇን አዝላ ጭቃ ታቦካለች። አንዷን «ማን አስተማረሽ?» አልኳት። «እማማ ጎረቤታችን ነበሩ፤ የሄዱት» አለችኝ። ስማቸውን ነገረችኝ፤ እዚህ አልጽፈውም። «ይከብዳል?» ስላት «ሥራው አይከብድም፤ እንጨቱ ተወደደ። ገዥም የለ፤ ጸጥታው ነው» አለችኝ። የሃይማኖቱ ስም ተለወጠ እንጂ ችግሩ ያው ነው፤ እጅ አለ፣ ገዥ የለም። እሷንም ድህነቷ የጠባይዋ ነው እንላት ይሆን?

ስለዚህ አንተ ጓደኛዬ፣ አንበሳዋን ጠረጴዛህ ላይ አኑራት፤ ታምራለች። ግን ንግድ አያውቁበትም ነበር አትበለኝ። ስንት እንደከፈልክባት አስታውስ፤ ተከራክረህ ስንት እንዳስቀነስክም አስታውስ።